ለራቀ የደጋ ጎጥ መብራት፦ የወንዝ ፍሰት፣ ፀሐይ፣ ናፍጣ ወይስ የዋናው መስመር?

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚጓዝ ሰው በነሐሴ ወር መንገዱን የሚያቋርጡትን ጅረቶች ሲመለከት፣ ይህን ያህል ውሃ በገደል እየወረደ ከአስፋልቱ የራቁት ጎጦች በጨለማ ማምሸታቸው ያስገርመዋል። «ወንዛችንን ጠልፈን ለምን መብራት አናወጣም?» የሚለው ሐሳብም ከቀበሌ ስብሰባም ሆነ ከተወላጆች ማኅበር ጉባኤ የማይጠፋው ለዚህ ነው። ሐሳቡ ከንቱ አይደለም። ጢስ ዓባይ ላይ የፏፏቴውን ተፈጥሯዊ ቁልቁለት የተጠቀመው የመጀመሪያው ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ በሲዳማም በጎቤቾ፣ በኤረርቴና በሃጋራ ሶዲቻ ከ60 ኪሎዋት በታች የሆኑ የማኅበረሰብ ማመንጫዎች ተተክለዋል። ሆኖም የነሐሴው ጅረት በሚያዝያ ምን ያህል እንደሚቀር ሳይታወቅ የሚደረግ ምርጫ፣ ምርጫ ሊባል አይችልም።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለቀበሌ ኮሚቴዎች፣ ለወረዳ ባለሙያዎችና ከከተማ ወይም ከውጭ ሆነው ለትውልድ ቀያቸው ገንዘብ ለሚያሰባስቡ ሰዎች ነው። የሚያነጻጽራቸው አማራጮች አምስት ናቸው፤ እነርሱም ያለ ማጠራቀሚያ ግድብ በወንዝ ፍሰት ብቻ የሚሠራ አነስተኛ ማመንጫ፣ ለጎጡ ሁሉ የሚያገለግል የፀሐይ ኃይል ሚኒ ግሪድ፣ በየቤቱ የሚተከል ሶላር፣ የናፍጣ ጄኔሬተር እና የዋናው መስመር መዘርጋት ናቸው። የአምራች ስም አልተጠቀሰም፤ በደጋው ላይ ብዙውን ጊዜ ፕሮጀክት የሚያወድቀው የዕቃው ስም ሳይሆን የዕቃውና የቦታው አለመገጣጠም ነውና።

መመዘኛዎቹ

ከሁሉ የሚቀድመው መመዘኛ፣ ምንጩ በዓመቱ እጅግ ደካማ በሆነበት ወር የሚሰጠው ኃይል መጠን ነው። ለወንዝ ያ ወር መጋቢት፣ ሚያዝያ ወይም ግንቦት ሲሆን፣ ለፀሐይ ደግሞ ደመናው ሳይገፈፍ የሚከርምበት ሐምሌና ነሐሴ ነው። ሁለተኛው፣ ኃይሉ ለምን ሥራ እንደሚውል ነው። ሦስተኛው፣ የመጀመሪያው ግዢ ብቻ ሳይሆን በሃያ ዓመት ውስጥ የሚወጣው ጠቅላላ ገንዘብ፣ በተለይም የባትሪ፣ የናፍጣና የመለዋወጫ ወጪ ነው። አራተኛው፣ ዕቃው ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነውና ከየት ተነሥቶ እንደሚመጣ ነው። አምስተኛው የውሃ መብትና ፈቃድ ሲሆን፣ ስድስተኛው ዋናው መስመር በቅርብ ዓመታት ይደርሳል ወይስ አይደርስም የሚለው ነው።

ሁለተኛው መመዘኛ ብዙ ጊዜ በችኮላ ስለሚታለፍ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልገዋል። ለምሳሌ ያህል 120 አባወራ ያለበትን ጎጥ እንውሰድ። እያንዳንዱ ቤት ምሽት ከ12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ለአምፖል፣ ለስልክና ለቴሌቪዥን በአማካይ 50 ዋት ቢጠቀም፣ ጎጡ የሚያስፈልገው 6 ኪሎዋት ብቻ ነው። አንድ የወፍጮ ሞተር ግን ብቻውን ከ7 እስከ 15 ኪሎዋት ይጠይቃል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ እያንዳንዱ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። ሃያ እናቶች በአንድ ጊዜ እንጀራ ቢጋግሩ ከ60 ኪሎዋት በላይ ይፈለጋል፤ ይህም ከመላው ጎጥ የምሽት መብራት አሥር እጥፍ ነው። ስለዚህ «መብራት ይገባልናል» ተብሎ ለሕዝቡ ከመነገሩ በፊት ምጣድ እንደሚሠራና እንደማይሠራ በግልጽ መነገር አለበት። ይህ ካልተነገረ ቅሬታው ማመንጫው በተመረቀ ሰሞን መጀመሩ አይቀርም።

የወንዝ ፍሰት

የዚህ አማራጭ ስሌት ቀላል ነው። የውሃው መጠን በሜትር ኩብ በሰከንድ፣ የቁልቁለቱ ከፍታ በሜትር፣ 9.81 እና የመሣሪያዎቹ ብቃት ሲባዙ ኪሎዋቱ ይገኛል። ለአነስተኛ ማመንጫ ጠቅላላ ብቃቱን ከ50 እስከ 55 በመቶ አድርጎ መያዝ ከሐሰት ተስፋ ያድናል። በብሮሹር ላይ የሚጻፈው 80 በመቶ የተርባይኑ (በውሃው ኃይል የሚዞረው መሣሪያ) ብቻ፣ ያውም በተመቸው ፍሰት ላይ የሚገኝ ነው፤ በቧንቧ፣ በቀበቶ፣ በጄኔሬተርና በመስመር ላይ የሚጠፋውን አይጨምርም።

ከፍታውን ለመለካት የስልክ ጂፒኤስ አይበቃም፤ ስሕተቱ በአሥር ሜትሮች ሊቆጠር ይችላል። ውሃ የሞላ ቀጭን የላስቲክ ቱቦና ሜትር ይዞ ቁልቁለቱን በየደረጃው መውረድ ጊዜ ቢወስድም አስተማማኝ ነው። ፍሰቱን ለመለካት ደግሞ ለትንሽ ጅረት የሚሻለው፣ ባለ 90 ዲግሪ የቪ ቅርጽ የተቆረጠለትን ሳንቃ ወይም ላሜራ በጅረቱ ላይ ገትሮ ጎንና ግርጌውን በጭቃና በላስቲክ መድፈን ነው። ውሃው በቁርጡ በኩል ብቻ እንዲያልፍ ከተደረገ በኋላ፣ ከሳንቃው ወደ ላይ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ በተተከለ ምልክት ላይ የውሃው ከፍታ ከቁርጡ የታችኛው ጫፍ ጀምሮ ይለካል። 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ፍሰቱ 4 ሊትር በሰከንድ ያህል ነው፤ 20 ከሆነ 25 ሊትር፣ 25 ከሆነ 43 ሊትር፣ 30 ከሆነ 68 ሊትር ገደማ ይሆናል። የውሃው ከፍታ በሦስት እጥፍ ሲያድግ ፍሰቱ ከአሥራ አምስት እጥፍ በላይ ማደጉን ልብ ይሏል፤ በዓይን ግምት የተነገረ ፍሰት ሁሉ የሚያሳስተው በዚህ ምክንያት ነው። ሳንቃው ከየካቲት እስከ ሰኔ ቆሞ ማንበብና መጻፍ የሚችል አንድ ወጣት በየሳምንቱ ቢመዘግብ፣ ጥናቱ በብዙ ገንዘብ ሊገዛ የማይችል መረጃ ያገኛል።

አሁን የምሳሌውን ጎጥ እንመልከት። በሚያዝያ የተለካው ፍሰት 40 ሊትር በሰከንድ፣ ከፍታው 45 ሜትር ነው እንበል። ከዚህ ላይ ለከብት መጠጥና ወንዙ ሕይወት እንዲኖረው 10 ሊትር በወንዙ ውስጥ መቅረት አለበት፤ በመስኖ የሚጠቀሙ ገበሬዎች ደግሞ 15 ሊትር ይወስዳሉ። ለተርባይኑ የሚተርፈው 15 ሊትር 3.3 ኪሎዋት ብቻ ይሰጣል። ወፍጮ አያዞርም፤ መብራቱንም ቢሆን በግማሹ ነው የሚያዳርሰው። ነገር ግን የመስኖው ተራ ቀን ብቻ ሆኖ ሌሊት ውሃው ለማመንጫው ቢለቀቅ፣ 30 ሊትሩ 6.6 ኪሎዋት ስለሚያመነጭ የጎጡን ምሽት ያበራል። ክረምት ላይ ተርባይኑ 60 ሊትር ሲያገኝ ወደ 14 ኪሎዋት ይደርሳል፤ ያኔ ወፍጮውም ይዞራል።

ከዚህ የሚከተለው ድርድር ከቧንቧው ዲያሜትር የበለጠ ይከብዳል። በብዙ የአማራ ክልል አካባቢዎች የመስኖን ተራ የሚያከፋፍለው የውሃ አባት ነው፤ ከእርሱና ከመስኖ ተጠቃሚዎች ጋር የጽሑፍ ስምምነት ሳይደረግ የጠለፋ ግንባታ መጀመር ጠብ መግዛት ነው። ውሃው ከተርባይኑ ወጥቶ ወደ ወንዙ ስለሚመለስ «አንወስድባችሁም» የሚለው ክርክር ከማመንጫው በታች ላለ ገበሬ ይሠራል። በጠለፋውና በማመንጫ ቤቱ መካከል ማሳ ላለው ግን ውሃ የማያነሳ ምክንያት ነው፤ የእርሱ ወንዝ በበጋ ይደርቅበታልና። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992ም ውሃን ለመጠቀም ፈቃድ የሚጠይቅ ሲሆን ለመጠጥና ለቤት አገልግሎት ቅድሚያ ይሰጣል።

ቀጣዩ ጉዳይ ደለል ነው። የጎንደር ከተማን ውሃ ሲያጠጣ የኖረው የአንገረብ ማጠራቀሚያ በደለል መሞላቱን የማያውቅ የከተማው ነዋሪ የለም፤ የተራቆተ ተዳፋት በክረምት የሚያወርደው አፈር ለትንሽ ቦይ አይራራም። በወንዝ ፍሰት የሚሠራ ማመንጫ ማጠራቀሚያ ስለሌለው ዕድሜው በደለል አይገደብም፤ ነገር ግን አሸዋው ከታች ከሚነጻጸሩት ተርባይኖች የፔልተንን አፍንጫና መርፌ፣ የክሮስፍሎውንም ምላጭ ይበላል። ስለሆነም ከቦዩ መጨረሻ ውሃው ዝግ ብሎ አሸዋውን የሚጥልበት ገንዳ፣ ከገንዳውም ግርጌ ደለሉ በየቀኑ የሚታጠብበት በር የግድ ነው። ወጪ ለመቀነስ ተብሎ ይህ ገንዳ ሲያጥር አይቻለሁ፤ በእኔ እምነት ከሚቀነሱት ሁሉ መጨረሻ መሆን የነበረበት እርሱ ነው። ቧንቧውም እንዲሁ ነው፦ በዚያው ፍሰት ላይ ዲያሜትሩ በግማሽ ከቀነሰ በግጭት የሚባክነው ኃይል ወደ 32 እጥፍ ያድጋል።

ተርባይኑን በተመለከተ በእኛ ደጋ በተግባር የሚወዳደሩት ሦስት ናቸው። ክሮስፍሎው ከላሜራና ከብረት ቱቦ የሚበየድ በመሆኑ ጥሩ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ሊሠራውና ሊጠግነው ይችላል፤ ቅጠልና ሣር በቀላሉ ያሳልፋል፤ ከሁሉ በላይ ግን ፍሰቱ ወደ ግማሽ ሲወርድም ብቃቱ ብዙ አይወድቅም። ፔልተን ከ50 ሜትር በላይ ለሆነ ከፍታና ለጥቂት ውሃ የተሠራ ነው፤ በሰሜን ተራሮች ጫፍ ላይ ላሉ ገደላማ ጎጦች 8 ሊትር በሰከንድ በ100 ሜትር ከፍታ ከ4 ኪሎዋት በላይ ሊሰጥ ይችላል። ቧንቧው ግን 10 ባር ግፊት የሚችል መሆን አለበት፤ ቫልቩ በድንገት ሲዘጋ የሚፈጠረው ምት ደግሞ በዚህ ላይ ይጨመራል። ሦስተኛው፣ ተራ የውሃ ፓምፕን ወደ ኋላ በማዞር እንደ ተርባይን መጠቀም ነው። ዋጋው ዝቅተኛ፣ መለዋወጫውም ገበያ ላይ ያለ ቢሆንም ከተመደበለት ፍሰት ትንሽ ሲጎድልበት ኃይሉ ክፉኛ ይወድቃል። ፍሰቱ ከነሐሴ እስከ ሚያዝያ በብዙ እጥፍ ለሚለዋወጥ ጅረት አልመክረውም፤ የማይለዋወጥ ምንጭ ላለው ቦታ ግን ከሁሉ የረከሰ መፍትሔ ነው።

አነስተኛ ማመንጫ የሚያስፈልገው ሌላ ዕቃ የጭነት መቆጣጠሪያ ነው። ሰዎች አምፖል ሲያጠፉ የተረፈው ኃይል ውሃ ወደሚያሞቅ ማሞቂያ እንዲዞር በማድረግ የጄኔሬተሩን ፍጥነትና የመብራቱን ቮልቴጅ ያረጋጋል። ይህ ሣጥን ሲበላሽ መደበኛ ኤሌክትሪሺያን አይጠግነውም፤ ስለዚህ ሁለተኛ መቆጣጠሪያ ከመጀመሪያው ግዢ ጋር መገዛት አለበት።

ፀሐይ

የኢትዮጵያ ደጋ የፀሐይ ኃይል በአማካይ በቀን በካሬ ሜትር 5.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ይሁንና ለሐምሌና ለነሐሴ በቀን ከአራት ሰዓት የማይበልጥ ሙሉ ፀሐይ አድርጎ ማስላት ጥንቃቄ ነው። የምሳሌው ጎጥ በቀን 30 ኪሎዋት ሰዓት ቢፈልግ፣ ብክነቱ ታስቦ ወደ 11 ኪሎዋት የሚሆን ሰሌዳና ወደ 40 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ባትሪ ያስፈልገዋል። ቦይ የለም፣ ደለል የለም፣ ከውሃ አባት ጋር ድርድር የለም፤ ተከላው በሳምንታት ያልቃል። ሰሌዳው ከ20 ዓመት በላይ ያገለግላል። ዕዳው የሚመጣው በባትሪው ነው፦ የሊድ አሲድ ባትሪ ከ3 እስከ 5 ዓመት፣ የሊቲየም አይረን ፎስፌት ደግሞ 10 ዓመት ገደማ ይቆያል። ሕዝቡ ከሚከፍለው ላይ ለባትሪ መተኪያ በየወሩ የሚቀመጥ ገንዘብ ከሌለ፣ ሚኒ ግሪዱ ከመጀመሪያው ባትሪ ጋር ይሞታል።

በአከፋፈል ረገድም ልዩነት አለ። በወንዝ ማመንጫ ውሃው ሌሊትና ቀን ስለሚፈስ የተጠቀመ ሰው የሚያሳጣው ነገር የለም፤ የሚጎድለው ከፍተኛው ኃይል ነው። ስለዚህ ቆጣሪ ከመግዛት ይልቅ ለእያንዳንዱ ቤት ከተመደበለት ኃይል በላይ ሲጠቀም የሚያጠፋ አነስተኛ ማቋረጫ አስገብቶ በወር ቋሚ ክፍያ ማስከፈል ይበቃል። በፀሐይ ግን እያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ከባትሪ የሚወጣ በመሆኑ የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ያስፈልጋል።

ቤቶቹ ተራርቀው በየኮረብታው ለተበተኑበት ጎጥ በየቤቱ የሚተከል ሶላር ይሻላል። መብራትና ስልክ ይበቃዋል፤ ወፍጮ አያዞርም። በዝቅተኛ ቮልቴጅ መስመር ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ኃይል መላክ ብክነቱ እያየለ ስለሚሄድ፣ የሽቦና የምሰሶ ወጪ ከሰሌዳው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ናፍጣና ዋናው መስመር

ጄኔሬተር ሲገዛ ርካሽ፣ ሲሠራ ውድ ነው። አንድ ኪሎዋት ሰዓት ለማመንጨት ከ0.3 እስከ 0.4 ሊትር ናፍጣ ይፈጃል። ወደ 2,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ እንደ ደባርቅ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከአቅሙ ሩብ ያህል ያጣል። ናፍጣው በአህያ የሚጫንበት መንገድ ካለ ደግሞ ዋጋው ከማደያው ዋጋ ጋር አይገናኝም። ለወፍጮ ቤት ብቻ፣ ወይም ለሌላ ምንጭ መጠባበቂያ ካልሆነ ለጎጥ መብራት የሚመረጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ዋናው መስመር በሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚያልፍ ከሆነና የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ጎጡን በዕቅዱ ማስገባቱን በጽሑፍ ካረጋገጠ፣ መጠበቅ ይሻላል፤ ምጣድንና ወፍጮን አንድ ላይ የሚችለው እርሱ ብቻ ነው። «በሚቀጥለው ዓመት ይገባል» የሚል የቃል ተስፋ ግን ለዕቅድ አይሆንም። የወንዝ ማመንጫ ለመሥራት የወሰነ ጎጥም መስመሩን በ380 ቮልት ባለ ሦስት ፌዝና በ50 ኸርዝ፣ በአገሪቱ ደረጃ ምሰሶና ሽቦ ከዘረጋ፣ ዋናው መስመር ሲመጣ ሥራው አይባክንም።

በአጭሩ ሲነጻጸሩ

| መመዘኛ | የወንዝ ፍሰት | የፀሐይ ሚኒ ግሪድ | የቤት ሶላር | ናፍጣ | ዋናው መስመር |
|---|---|---|---|---|---|
| ደካማ ወር | መጋቢት–ግንቦት | ሐምሌ–ነሐሴ | ሐምሌ–ነሐሴ | የለም፤ መንገድ ሲዘጋ ግን ይቆማል | የለም፤ መቋረጥ ግን አለ |
| ወፍጮ | በክረምት አዎ፣ በበጋ እንደ ፍሰቱ | ቀን ላይ ይቻላል | አይቻልም | ይቻላል | ይቻላል |
| ምጣድ | በተራና በጥቂቱ | አይመከርም | አይቻልም | አይመከርም | ይቻላል |
| የመነሻ ወጪ | ከፍተኛ፤ ጉልበት በማዋጣት ይቀንሳል | ከፍተኛ | በየቤቱ የሚከፋፈል | ዝቅተኛ | በርቀቱ የሚወሰን |
| ትልቁ ተከታይ ወጪ | ቦይና ደለል ጠረጋ፣ ኩሽኔታ | ባትሪ | ባትሪ | ናፍጣ | ወርሃዊ ክፍያ |
| ዕድሜ | ከ25 ዓመት በላይ | ሰሌዳው ከ20 በላይ | ባትሪው አጭር | እንደ አጠቃቀሙ | ረጅም |
| የውሃ ፈቃድ | ያስፈልጋል | አያስፈልግም | አያስፈልግም | አያስፈልግም | አያስፈልግም |

ለማን የትኛው?

ቤቶቹ የተጠጋጉ፣ ከማመንጫው ቦታ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል የማይርቁ፣ የሚያዝያው ፍሰት የመስኖው ድርሻ ተቀንሶ እንኳን የምሽቱን ጭነት የሚሸፍን ከሆነ ወንዙ ይመረጣል። ቦዩን መቆፈርና ድንጋይ ማቅረብ በማኅበረሰቡ ጉልበት ሊሸፈን ስለሚችል፣ ጥሬ ገንዘብ አጥቶ ጉልበት ላለው ሕዝብ ከሌሎቹ ሁሉ የተሻለ የሚመቸው ይህ ነው። ባለቤትነቱን በኅብረት ሥራ ማኅበር ማቋቋም፣ ቢያንስ ሁለት ኦፕሬተሮችንም በደመወዝ መቅጠር ተገቢ ነው። በየጊዜው ኩሽኔታውን ቅባት የሚያጠጣ ሰው ከሌለ ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ምክር ከመመሪያ ደብተር አይወጣም።

የሚያዝያው ፍሰት ከምሽቱ ጭነት በታች ከሆነ ወንዙን ከፀሐይ ጋር ማጣመር የእኔ ምርጫ ነው። ደመናው ሲከብድ ወንዙ ይሞላል፤ ወንዙ ሲሳሳ ሰማዩ ይጠራል። በእንዲህ ያለ ቦታ በሁለቱም በኩል አነስተኛ አቅም ስለሚበቃ፣ ባትሪው ለብቻው ከሚሠራ የፀሐይ ሚኒ ግሪድ በእጅጉ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ገንዘቡ ለሁለቱም በአንድ ጊዜ ካልበቃ በመጀመሪያ ሶላሩን አስገብቶ፣ ሳንቃው ሁለት በጋ ሙሉ ተለክቶ ውሃው ሲረጋገጥ ወንዙን መጨመር ይቻላል።

አነስተኛ በጀት ያለው፣ ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ ብቻ ማብራት የሚፈልግ የተወላጆች ማኅበር ደግሞ ወንዝ ውስጥ ባይገባ ይሻላል። ለክትባት ፍሪጅና ለጥቂት አምፖል የተለየ ሶላር መትከል ፈጣን ከመሆኑም በላይ የሚጣላው ሰው አይኖርም።

የወንዙን መንገድ የመረጠ ኮሚቴ ከተቋራጭ ጋር ሲዋዋል በኪሎዋት መጠን ብቻ አይዋዋል። ውሉ ውስጥ «በዚህ ፍሰትና በዚህ ከፍታ፣ በዚህ ቮልቴጅ ይህን ያህል ኪሎዋት» ተብሎ ሁለት ጊዜ፣ አንዱ ለክረምት አንዱ ለሚያዝያ መጻፍ አለበት። ርክክቡ ብዙ ጊዜ የሚደረገው መስከረም ላይ ወንዙ ሞልቶ ሁሉም ነገር ሲያምር ስለሆነ፣ ከጠቅላላው ክፍያ ቢያንስ አሥር በመቶው በቀጣዩ ሚያዝያ በቪ ሳንቃው ላይ ፍሰቱ ተለክቶ፣ በጄኔሬተሩ ላይ ኪሎዋቱ ተነቦ ሁለቱ ከውሉ ጋር እስኪመሳከሩ ድረስ በማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ይቆይ።